እጅ ይነግረናል

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። ጋምቤላ መመደቤን የሰማን ዕለት እናቴ ያለቀሰችው አገሩ ስለራቀ ብቻ አልነበረም፤ ልጇን ስለምታውቃት ነው። አውራ ዶሮ ሲያባርራት መንደሩን በጩኸት የምታውክ ልጅ አዞ ያለበት ወንዝ ዳር ሄዳ ምን ልትሆን ነው? እንደፈራችውም አልቀረ። እባቡን ፈራሁ፣ ወባውን ፈራሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ የሚወርደውን መብረቅ ፈራሁ። ባሮንማ ከድልድዩ ላይ ሆኜ እንኳ ቁልቁል ማየት አልወድም ነበር። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ተኩስ ነው። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ብዙም አልቆየችም። የመሥሪያ ቤቶቹ ታፔላ አዲስ ቀለም ይሸት ነበር፤ በየሰዉ ትከሻ ላይ ያለው ጠመንጃ ግን አሮጌ ነው። ሰው ሲሞት ይተኮሳል፣ ሰው ሲያገባ ይተኮሳል። እኔ ለልቅሶውም ለሠርጉም አልጋ ሥር እገባ ነበር።

የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤታችን ከወንዙ ብዙም አይርቅም፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እስከ ደረት ብቻ የተሠራ፣ ከዚያ በላይ ለነፋስ የተተወ ነው። ከእኛ በፊት የወደቀው መንግሥት ወታደሮች ሰፍረውበት ስለነበር ግቢው ውስጥ ሣር በታጨደ ቁጥር አንድ ነገር አይጠፋም፤ የዛገ ሳህን፣ የጫማ ሶል፣ የጥይት ቀለሃ። ሌላ አገር ልጆች መደመር የሚማሩት በቆርኪ ነው። የእኔዎቹ በቀለሃ ይደምሩ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰብስቤ ልጥለው ስል ከጎኔ ባለው ክፍል የሚያስተምሩት መምህር ከለከሉኝ። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፣ አኝዋክ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው።

"እህቴ፣ ባዶ ነው። ባዶው ምን ያደርግሻል?" አሉኝ።

እየፈራሁም ቢሆን ለመድኩ።

እንዲህ እያልን ሠራተኞችና የሥራ ዕቃዎቻቸው የሚል ትምህርት ላይ ደረስን። መጽሐፉ የድሮው ነው፤ በአካባቢው ቋንቋ ይዘጋጃል የተባለው ገና አልመጣም። ሥዕሉ ላይ ገበሬው ሞፈርና ቀንበር ይዞ በበሬ ያርሳል። "ይህ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ኋላ ላይ አንዷ እጇን አወጣችና "በሬዎቹን አስሮ እየቀጣቸው ነው" አለች። መሳቅም መናደድም አማረኝ። እውነቷን ነው እኮ፤ እዚህ አገር የሚቆፈረው በዶማ ነው። አቦቦ በኩል የሰፈሩት ደገኞች በሬ ይዘው መጥተው ነበር ይባላል፤ በሬዎቹን ግን የቆላው ዝንብ ጨረሳቸው። ልጆቹ በሬ ሲያርስ የት አይተው ያውቃሉ?

መጽሐፉን ዘጋሁና የራሴን ጨዋታ አመጣሁ። ከእርዳታ ዱቄት ጆንያ ላይ ትልቅ ከረጢት ሰፋሁ። ጨዋታው ቀላል ነው። ባለተራው ልጅ ከቤቱ አንድ የሥራ ዕቃ ሸፍኖ ያመጣል። እኛ ሁላችን ዓይናችንን ስንጨፍን፣ እኔም ጭምር፣ ዕቃውን ከረጢቱ ውስጥ ይከታል። ከዚያ ሌላ ልጅ ወጥቶ ሳያይ እጁን ይሰድና የነካውን ይናገራል፤ ከባድ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሹል ነው፣ ለስላሳ ነው። እኔ "ማን ይሠራበታል?" ስል ክፍሉ በሙሉ "እጅ ይነግረናል!" ብሎ ይጮኻል። ሲታወቅ ለባለዕቃው እናጨበጭባለን፤ እሱም ተነሥቶ አባቱ ወይም እናቱ በዕቃው እንዴት እንደሚሠሩ ያሳየናል። ያቺን ጭብጨባ ለማግኘት ልጆቹ የማያደርጉት ነገር አልነበረም።

ፈሪ ነኝ አላልኩም? አንድ ሕግ አወጣሁ። ስለት ያለው ነገር ክልክል ነው። ቢላዋ አይመጣም፣ ምላጭ አይመጣም፣ መጥረቢያ አይመጣም፣ ጦር አይመጣም። ይህን ጠዋት ጠዋት እንደ ጸሎት አስደገምኳቸው።

ሌላም ሕግ ነበረን፤ ይህኛው የቆየ ነው። ክፍሉ ሲረብሽ አንድ ጊዜ አጨበጭብና "እጅ ራስ ላይ!" እላለሁ። ምን ቢሠሩ፣ ከማን ጋር ቢጣሉ፣ እጃቸው ወዲያው ራሳቸው ላይ ይወጣል። በዚህ በጣም እኮራ ነበር። የሌሎቹ ክፍሎች መምህራን ሳይቀሩ መጥተው አይተውልኛል።

ጨዋታው ሰመረ። የግንበኛው ልጅ ቱንቢ አመጣ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሜትር፣ የመካኒኩ ልጅ ፒንሳ። የነርሷ ልጅ ማዳመጫ ያመጣች ዕለት ትምህርት የሚባል ነገር አልተሠራም፤ የሁሉም ልብ ተራ በተራ ሲደመጥ ዋለ። ዲማ ሄዶ ወርቅ የሚቆፍር አባት ያለው አንዱ ደግሞ ወርቅ የሚያጥቡበትን የእንጨት ገበታ በራሱ ላይ ደፍቶ መጣ። ከረጢቱ ውስጥ አልገባ ብሎ ቢያስቸግር እኔው ገመትኩለትና አጨበጨብንለት። በእነዚያ ቀናት ፍርሃቴን ረስቼ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በር አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ትንሽ፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ትልልቅ። እናቷ ለንግድ ማታር ሄዳ ስለቆየች የምትኖረው ከአጎቷ ጋር ነው። አማርኛዋ ገና አልተፈታም፤ ሁለት ቃል ትልና ሦስተኛውን በእጇ ትጨርሰዋለች። እሷም ተራዋን ስትጠብቅ ሰነበተች። ልጆች ሲጨበጨብላቸው አፏን ከፍታ ታያለች።

"ቲቸር፣ ነገ እኔ ነው?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ነገ አንቺ ነሽ። የማንን ዕቃ ነው የምታመጪው?"

"አጎት። ዓሣ ይይዛል።"

መንጠቆ ታመጣ ይሆን ብዬ ሠጋሁ። መንጠቆ ይወጋል። "ስለት ያለው ነገር ክልክል ነው፣ አይደል?" አልኳት። "ክልክል" አለች ራሷን እየነቀነቀች፤ "ጦር ክልክል።" በመልሷ ደስ ብሎኝ ጉንጯን ዳበስኳት።

በማግሥቱ ማንም ሳይመጣ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ሕፃን የያዘች ትመስላለች። ልያዝልሽ ብላት ፊቷን አዞረችብኝ። ሕጉ ሕግ ነው፤ ቲቸርም አታይም። ሰዓቱ ደርሶ ክፍሉ ሲሞላ ሁላችን ዓይናችንን ጨፈንን። የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። ከረጢቱ ውስጥ አንድ ከበድ ያለ ነገር ሲያርፍ ሰማሁ። "በቃ" አለች፤ ዓይናችንን ገለጥን።

የባለሱቁን ልጅ ጠራኋት። ምላሷ ፈጣን፣ ነጠላዋን እንደ ትልቅ ሴት የምትጠመጥም ልጅ ነች። ከረጢቱን ባንድ እጇ አቅፋ ሌላውን ሰደደች።

"ከባድ ነው" አለች።

"እሺ፣ ሌላስ?"

"ይቀዘቅዛል። ብረት ነው።"

"ጎበዝ!"

"ክብ ነው። ግን ይሻክራል። መስመር መስመር አለው።"

"የሚዛን ድንጋይ!" አለ አንዱ ከኋላ። "አይደለም፣ የአባቴን ሚዛን አላውቀውም እንዴ?" ብላ ተቆጣችው። ከዚያ ፊቷ በደስታ በራ። "ቀለበት አለው! ትንሽ ቀለበት። ጣቴ ገባ።"

እኔ እንኳ ያን ጊዜ ገና አልገባኝም። ቁልፍ ይሆን፣ የመረብ ማስጠሚያ ብረት ይሆን እያልኩ ወደ ባለዕቃዋ ዞርኩ። ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣ ፈገግ ብላለች፤ እንዲያ ስትኮራ አይቻት አላውቅም። ዓይኔን ወደ ከረጢቱ መለስኩ። ቀጭኑ ጨርቅ በዕቃው ክብደት ተወጥሮ ቅርጹ በደንብ ይታያል። ያን ቅርጽ አውቀዋለሁ። በየኬላው ከወታደሮች ወገብ ተንጠልጥሎ ባየሁ ቁጥር ፊቴን የማዞርለት ነገር ነው። የእጅ ቦምብ።

ክው አልኩ። ድምፅ ሁሉ ከክፍሉ ጠፋ፤ የልጆቹ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ አልሰማም። የመጀመሪያ ሐሳቤን መደበቅ አልችልም፤ ግድግዳውን ዘልዬ ብጠፋ ነበር የወደድኩት። እግሬ ግን መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ።

"ቲቸር" አለች የባለሱቁ ልጅ፣ "ጣቴ አልወጣም አለኝ።"

ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየጎተተች ነው።

አንደበቴ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ አጨበጭባለሁ፣ እጅ ራስ ላይ እላለሁ። መዳፎቼ ለማጨብጨብ ተነሥተው ነበር። "እጅ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ቅጽበት ታየኝ፤ ያን ብል ሁሉም እጃቸውን ያነሣሉ፣ እሷም እንዳስተማርኳት እጇን ከነቀለበቱ መንጭቃ ራሷ ላይ ታደርጋለች። ቃሉን ዋጥኩት።

ፊቷ ተንበረከክኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የእኔ አይመስልም ነበር፣ ረጋ ያለ ነው።

"የኔ ቆንጆ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልገምት። እጅሽ እዚያው ይቆይ። ጣትሽን እናስተኛት። ከተንቀሳቀሰች ትነቃለች።"

ሳቀች። ስትስቅ ሆዷ ከረጢቱን ነቀነቀው።

እጄን ከእጇ ጎን ሰደድኩ። ትኩስ፣ ላብ ያላቸው ትንንሽ ጣቶች። ከዚያ ብረቱ። መዳፌን ዙሪያውን አድርጌ ጨብጬ ያዝኩት። በሌላው እጄ ጣቷን ፈለግኩ፤ ቀለበቱ ከአንጓዋ አልፏል። ልጆቹ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ዝምታው ሲረዝምባቸው ራሳቸው ጀመሩ። "ማን ይሠራበታል? እጅ ይነግረናል! ማን ይሠራበታል? እጅ ይነግረናል!" በእግራቸው ወለሉን እየመቱ ነው። ዝም በሉ ለማለት ድፍረት አጣሁ። ዝም ሲሉ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም፤ ሲጮኹ ቢያንስ የት እንዳሉ አውቃለሁ። ጣቷን ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ጎን ዘወር፣ ደግሞ ገፋ አደረግኳት። እመቤቴ ማርያምን የጠራሁት በልቤ ይሁን በአፌ አላውቅም። ቆዳዋ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ቆይቶ ቆይቶ ሾለክ ብሎ ወጣ።

"ተኛች?" አለችኝ።

"ተኝታለች። ሂጂ፣ ተቀመጪ።"

ከረጢቱ ከነውስጡ በእጄ ቀረ። ማስቀመጥ ፈራሁ፤ ይዞ መሄድም ፈራሁ። በግድግዳው በላይ ጎረቤቴን መምህር ጠራኋቸው። "መምህር፣ ዛሬ የእኔ ክፍል ትምህርት ውጭ ነው። ልጆቹን ማንጎው ሥር ይውሰዱልኝ፤ የእርስዎንም ጭምር።" ብቅ ብለው ፊቴን አዩ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ የዋጠውን ከረጢት አዩ። አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ልጆቹን አስቆጠሩ፣ አሰለፉ፣ እያዘፈኑ ወሰዷቸው። ባለዕቃዋ ብቻ አልሄድም አለች። "አልተጨበጨበም!" ብላ ጮኸች፤ "ተራ የእኔ ነው! አልተጨበጨበም!" መምህሩ እግሯን እያወራጨች ትከሻቸው ላይ ጭነዋት ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። መምህሩ የላኩት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ፖሊስ ጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ተንበርክኬ ያንን ብረት ይዤ ቆየሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በራሴ ጽሕፈት "ሐኪም፣ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዓሣ አጥማጅ" ይላል። እሱን ደጋግሜ አነበብኩ። ክንዴ ደነዘዘ። ዝንብ ከንፈሬ ላይ አርፋ ስትሄድ እንኳ አላባረርኳትም።

የመጣው ፖሊስ ጎልማሳ፣ እጁ ሰፊ ነው። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው፤ እኔማ መፍታት አቅቶኝ ነበር። ዕቃውን አውጥቶ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ቀለበቱ የታሰረበት ሽቦ ጫፉ ተቃንቷል፤ በቶሎ እንዲነቀል ሰው ሆን ብሎ አቅንቶታል። "ትንሽ ብትጎትተው ኖሮ" አለና ሽቦውን በጣቱ መልሶ አጠፈው።

ኋላ ከተከተሉት ፖሊሶች ጋር እዚያ ማስቀመጥም ሩቅ መውሰድም አደጋ ነው ብለው ተመካከሩና በከረጢቱ ይዘውት ወርደው ወንዙ ውስጥ ሊያፈነዱት ወሰኑ። ልጆቹን ወደ ላይ አርቀን፣ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገን ያዝናቸው። ድምፁ መሬቱን አንቀጠቀጠው። የባሮ ውሃ ተነሥቶ ወደቀ። የእኔን ጩኸት የሰማ ካለ እሱ ይናገር። ከዚያ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ላይ ነጭ ነጭ ነገር ብቅ ብቅ ይል ጀመር። ዓሣ ነው። ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ትልቁም ትንሹም። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሰው በቅርጫት፣ በሳፋ፣ በቀሚሱ ጫፍ ሊሰበስብ ወንዙ ውስጥ ገባ። ፖሊሶቹ ሳይቀሩ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ።

ቀሚሴ ተጎተተ። ባለዕቃዋ ነች። ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቋል፤ ጣቷ ወደ ወንዙ ተቀስሯል።

"ቲቸር፣ አየሽ? ዓሣ! የአጎት ሥራ!" አለችኝ። "ጦር ክልክል አልሽ። ይሄ ስለት የለውም።"

ሕጌን ከክፍሉ ሁሉ አብልጣ የጠበቀች እሷ ነች። ቤቷ ጦርም ዓሣ መግደያ ቦምብም አለ፤ ከሁለቱ ስለት የሌለውን መርጣ አመጣችልኝ።

ፊቴን አይታ ተቆጣች ብላ አሰበች መሰለኝ፣ እጄን ያዘችና አባበለችኝ። "ግድ የለም። ቤት ሌላ አለ። ነገ አመጣለሁ።"

ከዚያ በፊት የፈራሁት ሁሉ ፍርሃት አልነበረም። ሌላ አለ። ነገ ታመጣለች። ነገ ባታመጣ እንኳ ዛሬ ማታ ከሱ ጋር ነው የምትተኛው። ለፖሊሶቹ ልናገር ዞር ስል መምህሩ ክንዴን ያዙኝ። "ፖሊስ ሲመጣ ካየ እነዚያን ነገሮች ይዞ ጫካ ይገባል። ልጅቷን ይዞ" አሉኝ። "መጀመሪያ እኛ እንሂድ።" እኛ ሲሉ እኔን መጨመራቸው አልገባኝም ነበር። ልጅቷ ግን እጄን አልለቀቀችም፤ እየመራች ወሰደችኝ።

አጎትየው ከጎጆው ፊት ለፊት የተበጣጠሰ መረብ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ረዥም፣ ከሲታ፣ ወጣት ነው። መምህሩ በቋንቋቸው ሲነግሩት ዓይኑ ከእኔ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ እኔ ይመላለሳል። ኋላዬ ፖሊስ አለ ብሎ ነው። ሲጨርሱ በአማርኛ ለእኔ ተናገረ። አማርኛው የጦር ሰፈር አማርኛ ነው፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ።

"ወታደር ነበርኩ። ወንዝ ዳር ስንሰፍር ዓሣ በዚህ ነበር የምንይዘው። መረቡ ሲያልቅ እኔም በሱ ያዝኩ። ልጅ ነክታው አታውቅም ብዬ ነው።"

"የት ነው የሚያስቀምጡት?" አልኩት። ልጅቷ ቀደመችው። ጎጆው ውስጥ ገብታ ሰሌኗን አሳየችኝ፤ ከሰሌኑ ራስጌ አፉ በጨርቅ የታሰረ እንስራ አለ። "እዚህ ተኛለሁ" አለች፤ እጇን እንስራው ላይ አስደግፋ። እንዴት ብዬ ከዚያ ጎጆ እንደወጣሁ አላስታውስም። ውጭ ሆኜ ጮኽኩበት። አንተ ሰው አይደለህም፣ ልጅ ራስጌ ሞት ታስቀምጣለህ፣ እያልኩ፤ እርስዎነቱም ቀርቶ ነበር። እሱ ራሱን ደፍቶ ሰማኝ።

"ለፖሊስ አልሰጥም" አለ ስጨርስ። "የተማረክን ጊዜ እጃችንን ራሳችን ላይ አድርገን ሜዳ ላይ አስቀመጡን። ጓደኛዬ እጁ ደክሞት አወረደ። እኔ ሁለተኛ አላደርገውም።"

ጓደኛው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። መምህሩ ግን አንድ ነገር አሉ። "እኔ እወስደዋለሁ። ይህም ያኛውም ከትምህርት ቤቱ ሣር ውስጥ ተገኘ እላለሁ። ሁሉም ነገር እዚያ ነው የሚገኘው፤ ማን ይገርመዋል?" አጎትየው መረቡን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። መጨረሻ ላይ እንስራውን ራሱ አወጣው። መምህሩ ደረታቸው ላይ አቅፈውት መንገድ ጀመሩ፣ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው። በዚያ አረማመድ ስንት ጊዜ ተናድጄባቸው ነበር! ያን ቀን እኔ ከሩቅ እየተከተልኩ ከዚህም የባሰ ቀስ ይበሉ እያልኩ እጸልይ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው እንስራውን ተረከባቸው። ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ከመሄዳችን በፊት ግን አጎትየው አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። "አልተጨበጨበልኝም ብላ ታለቅሳለች። መረቡን ጠግኜ እኔው ላምጣው?" እሺ አልኩ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረም።

ሳምንት አልሞላም፣ መጣ። ሸሚዙ ታጥቧል። መረቡን በከረጢቴ ውስጥ ከቶ ይዞታል፤ በዚያው ከረጢት፤ ያን ዕለት ልጅቷ ወንዝ ዳር ከወደቀበት አንሥታ ወስዳው ኖሯል። ልጆቹ ከረጢቱን ሲያዩ በደስታ አበዱ። ሳላዛቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሳላዛቸው ገለጡ። "ማን ይሠራበታል? እጅ ይነግረናል!" መረብ መሆኑን አውቃለሁ። በሩ ላይ ስቀበለው ከፍቶ አሳይቶኛል። ልጅቷ ወጣች። የባለሱቁን ልጅ በእጇ ጠራቻት፤ ያቺም እየሣቀች መጣች፣ ክንዷን ሰበሰበች፣ እጇን ወደ ከረጢቱ አፍ ሰደደች።

ያ ትንሽ እጅ ጨርቁ ውስጥ ሲጠፋ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ፍርሃቴ ነው። መዳፎቼ ተጋጩ። ያን ዕለት የዋጥኩት ቃል ከነጉሮሮዬ ወጣ።

"እጅ ራስ ላይ!"

ክፍሉ በሙሉ ቀጥ አለ። የሁሉም እጅ ራሱ ላይ ወጣ። የባለሱቁ ልጅ እጅ ከከረጢቱ ተመንጭቆ ራሷ ላይ አረፈ፣ ጣቶቿ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሟል። ከረጢቱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ማስጠሚያ ሆነው የታሰሩት ትንንሽ ድንጋዮች ከመረቡ ጋር ተዘረገፉ። ልጆቹ ድንጋዮቹን አላዩም። ዓይናቸው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነው። ዞርኩ።

አጎትየው ሁለቱን እጆቹን ራሱ ላይ አድርጓል። ጣቶቹ ተቆላልፈዋል፣ ክርኖቹ ወደ ጎን ተዘርግተዋል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ጉልበቱ ሊንበረከክ መታጠፍ ጀምሯል።

ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሣቁ። ትልቅ ሰው ቲቸርን ሲታዘዝ አይተው አያውቁማ። እሱ አልሣቀም። ልጅቷ ናት የተንቀሳቀሰችው። ሕጉን ጥሳ የራሷን እጅ አወረደች፣ ወደ አጎቷ ሄደች፣ በጣቷ ጫፍ ቆማ ክርኑን ይዛ ወደ ታች ሳበችው። በቋንቋቸው የሆነ ነገር አለችው። አንዱን እጁን አወረደችለት፣ ቀጥላ ሌላውን።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ለምን እንደመጣች አልገባኝም ነበር፤ ክርኔን እስክትይዝ ድረስ የእኔም እጆች ራሴ ላይ እንደነበሩ አላወቅኩም።

"ቲቸር፣ አሁን አጨብጭቢ" አለችኝ።